አፉን በጀሶ ዘግቼ የጠየቅኩት

ያን ሽማግሌ ለፊቱ ብዬ አልመረጥኩትም። ለኮሚቴው ግን ለፊቱ ነው አልኩ። «እንዲህ ያለ ግንባር ሶዶ ውስጥ ሁለት የለም» ብዬ በከሰል የነደፍኩትን አሳየኋቸው፤ አምስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ የተሾሙ ጎረምሶች ስለነበሩ አንዳቸውም ሰውየውን አላወቁትም። አዲስ ለሚሠራው የስብሰባ አዳራሽ ግቢ የተቀመጠ ሽማግሌ ሐውልት ፈልገዋል፤ ከተማው ውስጥ ደግሞ ቅርጻ ቅርጽ የተማርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ የሁለተኛ ደረጃ የሥዕል አስተማሪ። ሰብሳቢው አንድ ነገር አጥብቆ አሳሰበኝ፤ ሽማግሌው እንዳይጎብጥ፣ እጁም ወደ ፊት ይጠቁም፣ ወደ ልማት። «ቁጭ ብሎ ነው የሚጠቁመው?» አልኩት። «አዎ፣ ቁጭ ብሎ» አለኝ፤ ማሾፌ አልገባውም።

ሰውየው በአብዮቱ ጊዜ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር። አባቴን ከቤት የወሰደው እሱ ነው። አባቴ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር፤ እኔ ያኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጠዋት ወደ ሥራ ሊወጣ ሸሚዙን እየቆለፈ ሳለ ሊቀመንበሩ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ደጃፋችን ላይ ቆመና እናቴን «ለአንድ ጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል» አላት። የአባቴን ክንድ ይዞ ወጣ። አራት ወር ሙሉ እናቴ ስንቅ ቋጥራ ቀበሌው በር ላይ ቆመች። በአምስተኛው ወር «ተዛውሯል» አሏት። ወዴት ነው የተዛወረው ብትል፣ ተዛውሯል። ማን ነው ያዛወረው ብትል፣ ተዛውሯል አልንሽ እኮ።

እናቴ ለአባቴ አልቅሳ አታውቅም። መርዶ አልመጣማ! በእኛ ዘንድ ሰው መሞቱ በሽማግሌ አፍ ካልተነገረ ድንኳን አይተከልም፣ ለቅሶ አይቀመጡም። መርዶው ያልመጣለትን ሰው ማልቀስ በቁሙ መግደል ነው። ስለዚህ እናቴ ሃያ ስድስት ዓመት ሚስት ሆና ኖረች። የአባቴ ወንድም ሊያገባት ሽማግሌ ቢልክ «ባል አለኝ» ብላ መለሰች። ቤት ለቤት የሚዞሩ ቆጣሪዎች ስለ ባሏ ሲጠይቋት «አለ፤ ቤት ውስጥ የለም እንጂ» ትላለች፣ ልጆቹም ምን ብለው እንደሚሞሉ ግራ ገብቷቸው እስክሪብቷቸውን ይነክሳሉ። ሐውልቱን በሠራሁበት ዓመት ደም ግፊቷ ሁለት ጊዜ ጥሏት ነበር። ከሐኪም ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ሆና «ሳላለቅስለት ብሞት፣ እዚያ ሲያገኘኝ ምን እለዋለሁ?» አለችኝ። መልሱ በዓለም ላይ ያለው አንድ ሰው ዘንድ ብቻ ነው።

ያም ሰው መንግሥት ሲለወጥ ታስሮ ነበር። እናቴ አንድ ቀጠሮ ሳይቀራት ፍርድ ቤት ትሄድ ነበር፣ ከፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ዳኛው ስለ አባቴ ሲጠይቁት «አላስታውስም» አለ። ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሦስት ጊዜ አላስታውስም አለ። ዓመታት ታስሮ ሲወጣ ሚስቱ ሞታለች፣ ልጆቹ ተበትነዋል። ከዚያ በኋላ ገበያው አጠገብ ካለ አንድ ሱቅ ደጃፍ በርጩማ ላይ ይውላል። ባለሱቁ አባቱ ከስልጤ መጥቶ እዚሁ የከበረ፣ ደግ ሰው ነው፤ ሻይ ያስመጣለታል፣ ፀሐይ ሲዞር በርጩማውን ያዞርለታል።

በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ በአጠገቡ አልፍ ነበር። አንድ ቀን የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ብሎ ሲታገል አየሁት። ጣቶቹ ክሩን ያገኙታል፣ ያጡታል። የአባቴን ክንድ የያዘው ያ እጅ ነው። የምጠላውን ሰው አንድ ቀን አገኘዋለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ ያገኘሁት ጫማውን ማሰር የተሳነው ሽማግሌ ሆነ፤ ጥላቻዬን የት ላድርገው? ለኮሚቴው ፊቱን ነድፌ የወሰድኩት በዚያው ሳምንት ነው።

ለሐውልቱ እንዲቀመጥልኝ ሽማግሌውን ልጠይቅ ሱቁ ስሄድ ባለሱቁ ወደ ጎን ሳብ አድርጎኝ «አንቺ ልጅ፣ ሶዶ ላይ ሽማግሌ አለቀ?» አለኝ። «የማን ልጅ እንደሆንሽ እኔ አውቃለሁ። ተዪው።» እኔ ደግሞ ተዪ ሲሉኝ የሚብስብኝ ነኝ። ለሽማግሌው አስተማሪ መሆኔን ብቻ ነገርኩት፣ የአባቴን ስም አላነሳሁም። ቀና ብሎ ረጅም ጊዜ አየኝ። እምቢ ይላል ብዬ ነበር። «ኮቴን ለብሼ ልምጣ?» ብቻ አለ።

ለእናቴ አንድ ሽማግሌ እየሠራሁ ነው አልኳት፣ ማን እንደሆነ የሆዴን በሆዴ ያዝኩት። እሷም አልጠየቀችም፤ የሚያሳስባት ሌላ ነበር። ጭቃውን የማመጣው ጉኑኖ በኩል ካሉ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ነው፣ ሸክላ ሠሪ ደግሞ በእኛ አገር እንኳን ሊጋቡት አብረው የማይበሉት ሰው ነበር። «ይህን ሁሉ ዓመት አዲስ አበባ ያስተማርኩሽ ጭቃ ልታቦኪ ነው?» እያለች እጄን ስታጠብ አጠገቤ ትቆማለች፣ ከጥፍሬ ሥር ጭቃው መውጣቱን ታያለች።

ኮሚቴው ከአዳራሹ ጀርባ ያለ ባዶ መጋዘን ሰጥቶኝ ነበር። ሽማግሌው በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን አድርጎ ይመጣል። ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ እሱ ቀና ይላል፣ እኔ ጭቃውን እጭናለሁ። ከእኔ ጋር የሚያወራው አማርኛ የስብሰባ አማርኛ ነበር፤ ውሃ ለመጠየቅ እንኳን «በመሠረቱ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቀና ማለቱ ያልቅና ትከሻው ይወርዳል፣ አገጩ ደረቱ ላይ ያርፋል፣ እንቅልፍ ይወስደዋል። የምሠራው ያኔ ነው። የግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ብሏል። ጉልበቱ ከጭኑ ይወፍራል። የአንገቱ ቆዳ እህሉ እንደወጣ ጆንያ ተንጠልጥሏል። ሲነቃ ጭቃውን ያይና «ደረቴን ሞላ አድርጊው እንጂ» ይለኛል፤ «እኔ እንዲህ አልነበርኩም።» እንዴት እንደነበረ እኔም አውቃለሁ፤ ደጃፋችንን ሞልቶ ነበር የቆመው።

አንድ ቀን ከኮሚቴው አንዱ ጎረምሳ ፋይል ይዞ ሥራው የት እንደደረሰ ሊያይ ገባ። ሽማግሌው ከእንቅልፉ ባንኖ ነቃ፣ ፋይሉን አየ፣ በሁለት እጁ ወንበሩን ተደግፎ ተነሳና ባርኔጣውን አወለቀ። ጎረምሳው እስኪሄድ ድረስ አልተቀመጠም። አንድ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ነው እኮ የፈራው፣ ያውም ሰላም እንኳን ያላለውን። ደስ አለኝ። ከዚያ ደስ ስላለኝ ከፋኝ፣ ያን ቀን ቶሎ ዘግቼ ወጣሁ።

ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። በየቀኑ ዛሬ እጠይቀዋለሁ እላለሁ፣ ሳልጠይቀው ይመሻል። የፈራሁት እሱን አይደለም። «አላስታውስም» ይለኛል ብዬ ነው። ለዳኛ አላስታውስም ያለ ሰው ለእኔ ለምን ያስታውሳል? አንዴ ካለው ደግሞ በሩ ተዘጋ፣ እናቴም ሳታለቅስ ትሞታለች። እያሰብኩ እያሰብኩ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ፣ ምነው ባላለልኝ። የፊቱን ቅርጽ በጀሶ እወስዳለሁ። ጀሶ ፊቱ ላይ ያለ ሰው አላስታውስም ማለት አይችልም።

ለሥራው ያስፈልግ ነበር ብዬ ራሴን አታልያለሁ፤ ቀና ብሎ መቀመጥ አልቻለምና ፊቱን በቅርጽ መውሰድ የተለመደ ነው። ውሸት አይደለም። ነገር ግን ለሥራው ብዬ አላደረግኩትም፣ እግዜር ያየኛል።

አሠራሩን አስረዳሁት። አግዳሚ ላይ በጀርባው ይተኛል። ቅንድቡና ጢሙ ጀሶው እንዳይዘው ቫዝሊን እቀባዋለሁ። በአፍንጫው ሁለት የለስላሳ መጠጫ ቀሰም አስገባለታለሁ፣ በዚያ ይተነፍሳል። ጀሶው ዓይኑንና አፉን ይሸፍናል፣ እየደረቀ ሲሄድ ይሞቃል፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ በአንድ ጊዜ ይነሳል። ማውራት ስለማይችል በእጁ እንነጋገራለን፤ ጣቱን ካነሳ አዎ ወይም ደህና ነኝ ማለት ነው፣ አግዳሚውን ከመታ ደግሞ አንሺልኝ ማለት ነው፣ ያኔ ወዲያው አነሳለታለሁ። «ወዲያው?» አለኝ። «ወዲያው» አልኩት። ኮቱን አውልቆ አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አኖረ፣ ተኛ፣ እጆቹን ሆዱ ላይ አደረገ። ቅንድቡ ላይ ቫዝሊኑን በወጉ አልቀባሁም። እጄ ቸኩሎ ነበር።

ጀሶውን ከግንባሩ ጀምሬ አወረድኩት። ዓይኑ ተሸፈነ፣ ጉንጩ ተሸፈነ፣ አፉ ተሸፈነ። በመጨረሻ ነጭ ክምርና ሁለት ቀሰም ብቻ ቀረ፣ በቀሰሞቹ ውስጥ ትንፋሹ ያፏጫል። «ደህና ነዎት?» አልኩ። ጣቱን አነሳ። መጋዘኑ ውስጥ ከእሱ ትንፋሽ በቀር የሚሰማ የለም። ጀሶው መጠንከር እስኪጀምር ጠበቅኩና ጆሮው አጠገብ ጎንበስ አልኩ። ሁለት ሳምንት እርስዎ ያልኩትን ሰው አንተ አልኩት።

«የማን ልጅ እንደሆንኩ ታውቃለህ?»

ጣቱ ወዲያው ተነሳ። ምንም አልዘገየም። አያውቅም ብዬ ነበር የጀመርኩት።

«አባቴ ሞቷል?»

ጣቱ ሆዱ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሳ።

ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቅነው ነገር ይኸው ነበር፣ የአንድ ሽማግሌ ጣት። ማልቀስ ነበረብኝ። አላለቀስኩም፣ ተቆጣሁ። «ገደልከው?» አልኩት። ጣቱ አልተነሳም። «ሲሞት ነበርክ?» ተነሳ። «ቆመህ አየኸው?» ይህን ስጠይቀው እጁ ተዘረጋና አግዳሚውን መታ። አንዴ፣ ሁለቴ። አየሁ፣ አንደኛው ቀሰም ተጣሟል፣ በእሱ በኩል ትንፋሽ የለም። ሰምቻለሁ፣ አይቻለሁ፣ ምን ማለት እንደሆነም አውቃለሁ፤ ራሴ ነኝ ያስተማርኩት።

አላነሳሁለትም። እጄን በጎኔ አድርጌ ቆምኩ። አግዳሚውን በሁለት እጁ ደበደበ፣ እኔ ቆሜያለሁ። «እናቴም እንዲህ ነበር በርህን የምታንኳኳው» አልኩት። እግሩ መራገጥ ጀመረ፣ አንዱ ጫማ ወለቀ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ደቂቃ አይሞላ ይሆናል፣ ለእሱ ግን ደቂቃ አይደለም። የቀረው ቀሰም ሲያፏጭ የነበረው ድምፅ ሲቀጥን ነው የነቃሁት። ጀሶውን በሁለት እጄ ይዤ መነጨቅኩት። ቅንድቡ ከጀሶው ጋር ወጣ። ከጉንጩ ላይ ቆዳ ተላጠ።

ተነስቶ ተቀመጠ፣ አፉን ከፍቶ አየር ሳበ፣ ሳለ፣ ደግሞ ሳበ። ፊቱ ቀልቷል፣ ከቅንድቡ ላይ ደም በቀጭኑ ይወርዳል። ሱሪው ረጥቧል። እኔ ጀሶውን እንደታቀፍኩ ቆሜያለሁ። ይሰድበኛል፣ ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ። ትንፋሹ ሲመለስ በወላይትኛ ነበር የተናገረው፣ እኔን በወላይትኛ ሲያናግረኝ የመጀመሪያው ነው።

«የመጀመሪያ ቀን ነው ያወቅኩሽ። ግንባርሽ የእሱ ነው» አለኝ። «በየቀኑ እዚህ የመጣሁት ዛሬ ትጠይቀኛለች እያልኩ ነው። አንቺ አፌን ዘግተሽ ጠየቅሽኝ።»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ቢሆንም ቁጣዬ አልበረደም። «ታዲያ ለምን ራስዎ አልነገሩኝም? ለዳኛውስ ለምን አላስታውስም አሉ?» አልኩት።

«እናትሽ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር» አለ። «ፈራኋት።»

«አሁን ይንገሩኝ። የት ነው ያለው?»

በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። «መርዶ ሚስት እያለች ለልጅ አይነገርም። ሽማግሌ ይዞ በጠዋት ነው የሚኬደው። እኔ ሁሉንም ነገር አበላሽቻለሁ፣ ይህን ግን በወጉ አደርገዋለሁ። ነገ ጠዋት እመጣለሁ። እስከዚያ እንዳትነግሪያት።» ሊነሳ ሞከረና ሱሪውን አየ፣ አቀረቀረ። ጋዋኔን አውልቄ ሰጠሁት። ወገቡ ላይ አሸርጦ፣ ከላይ ኮቱን ደርቦ፣ አንድ እጁን ግድግዳው ላይ እያስደገፈ ወጣ። ልደግፈው ስል በክርኑ ገፋኝ።

ያን የጀሶ ቅርፊት በኋላ በውስጡ ጭቃ ሞልቼ የወጣውን ፊት አየሁት። ቅርጹ አልተበላሸም ነበር። ዓይኑ ተጨፍኖ፣ ግንባሩ ተኮማትሮ፣ ከንፈሩ ተጣብቆ፣ አንድ የሚሰምጥ ሰው ፊት ነው። በሕይወቴ እንደዚያ እውነተኛ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ ለማንም አላሳየሁትም። ለኮሚቴው ቀና ብሎ ወደ ልማት የሚጠቁም ሌላ ሽማግሌ ሠራሁላቸው፣ ወደዱት።

ያን ዕለት ግን ስለ ሥራ ማን ያስባል? ቤት ገብቼ መቀመጥ አቃተኝ። እናቴ የቦዬ ሥር ቀቅላ፣ ለማጥቀሻ ዳታ በርበሬ አቅርባ «ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?» ትለኛለች። ደክሞኝ ነው አልኳት። በሆዴ ግን ሌላ ነው፤ ያ ሽማግሌ ሰባ አምስት ዓመቱ ነው፣ አቅም የለውም፣ ዛሬ ደግሞ እኔ አፍኜው ነበር። ከነገ በፊት ቢሞትስ? የአባቴን መቃብር የሚያውቀው አንድ ሰው፣ እሱንም በእጄ ገደልኩት ማለት ነው። ቦዬውን ሳልቀምስ ተነሳሁ። ሳይመሽ ልየው ብዬ ወደ ሱቁ ሮጥኩ።

በርጩማው ባዶ ነበር። ባለሱቁ ሲያየኝ ፊቱን አጠቆረ። «ሚኒባስ ተሳፍሮ ሄዷል፣ ወደ ሻንቶ» አለኝ። «ፊቱ ምን ሆኖ ነው?»

«ሻንቶ ምን አለው?»

«አልነገረኝም። ገንዘብ አበድረኝ አለ፣ ሰጠሁት። ፊቱ ምን ሆነ ነው የምልሽ?» ዞሬ መንገዴን ጀመርኩ። ሸሸ፣ አለቀ በቃ፤ ለሃያ ስድስት ዓመት ዝም ያለ ሰው ዛሬ እንደሚናገር ያመንኩ ጅል። ከሁሉ የባሰው እውነቱን እኔ ማወቄ ነበር። አባቴ ሞቷል፤ በጣት ተነግሮኛል። ለእናቴ ብነግራት ምን ብዬ? ማን ነገረሽ፣ ምን ብሎ ነገረሽ፣ የት ነው የተቀበረው ስትለኝ የሽማግሌ ጣት ልላት ነው? እሷም አትቀበለኝም። ቤት ተመልሼ ከጎኗ ተኛሁ። እሷ አንቀላፋች፣ እኔ ትንፋሿን ሳዳምጥ ነጋ።

ገና ወገግ ሲል እናቴ ደጅ ለመጥረግ ወጣች። መጥረጊያው ሁለት ሦስት ጊዜ ሲጭር ሰማሁና ቆመ። ወጣሁ። አጥራችን በር ላይ ሦስት ሰዎች ጋቢ ደርበው ቆመዋል። አንደኛው ባለሱቁ ነው። ሁለተኛው የአባቴ ጎሳ ሽማግሌ ናቸው፣ ከሻንቶ፤ ለካ ሽማግሌው የሄደው እሳቸውን ሊያመጣ ነበር። ሦስተኛው እሱ ነው፣ ቅንድብ የሌለው፣ ጉንጩ የተላጠ። እናቴ መጥረጊያውን እንደያዘች አየቻቸው። ሦስት ወንድ በዚያ ሰዓት በር ላይ ለምን እንደሚቆም የማያውቅ የለም። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ አቆመችና «አግዳሚውን አውጪ» አለችኝ።

ተቀመጡ። የሻንቶው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ ሲሉ እናቴ በእጇ ከለከለቻቸው። «እሱ ይናገር» አለች።

ሊቀመንበር የነበረው ሽማግሌ ተነስቶ ነው የተናገረው። በወላይትኛ፣ ያለ «በመሠረቱ»። አባቴ ቀበሌው መጋዘን ውስጥ አራት ወር ታስሮ እንደነበር፣ እንደታመመ፣ በዝናብ ወቅት ከሌሎች ጋር በጭነት መኪና ወደ ሌላ እስር ቤት ሲወሰድ መንገድ ላይ እንደሞተ ተናገረ። እሱ ጋቢና ውስጥ ነበር። ወደ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ዋርካ ሥር አስቆፍሮ አስቀብሮታል፣ ቦታውን ያውቀዋል፣ ያሳያል። «ተዛውሯል የሚለውን ወረቀት የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሞቷል ብሎ መጻፍ ክልክል ነበር። ከዚያ በኋላ ክልክል ሳይሆንም ዝም አልኩ።»

እናቴ አልተንቀሳቀሰችም። «መኪናው ላይ ውሃ ጠይቋል?» አለችው።

ሽማግሌው ወደ መሬት አየ። «ጠይቋል።»

«ሰጣችሁት?»

«አልሰጠነውም።»

ያኔ ነው ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረችው። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከእናቴ ደረት ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጎረቤት ከየቤቱ ወጣ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ፣ የእድሩ ሰዎች ድንኳን ሊያመጡ ሮጡ። እናቴ የአባቴን ስም እየጠራች፣ ያደረገላትን እየዘረዘረች፣ የሃያ ስድስት ዓመቱን በአንድ ጠዋት አለቀሰችው። እኔም አለቀስኩ። ሽማግሌው አልሄደም። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሁሉም ያየዋል፤ ማን እንደሆነ ያወቁት ሴቶች ሲያልፉ ይተፉ ነበር፣ ባለሱቁ አጠገቡ ነው።

ፀሐይ ጠንከር ሲል የእናቴ ድምፅ ደከመ። ሴቶች ደግፈው አስቀመጧት። ቀና ብላ ሽማግሌውን አየችው፣ ከዚያ ፊቱን ልብ ብላ አየችው። «ፊትህን ምን ሆነህ ነው?» አለችው።

«ወድቄ ነው» አለ። እኔን አላየኝም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና «ከንፈሩ ደርቋል፣ ውሃ ስጪው» አለችኝ። ሴቶቹ ማልቀስ አቆሙ፣ አንዷ «ለእሱ?» አለች። ገብቼ በጣሳ ውሃ ቀድቼ ወጣሁ። ሽማግሌው አቀርቅሮ ስለነበር አላየኝም። አጠገቡ ደርሼ ጣሳውን ወደ ፊቱ ሳስጠጋ እጄን ድንገት አየ። ሁለት ክንዱን ፊቱ ላይ አጣምሮ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ከአግዳሚው ሊወድቅ ባለሱቁ ያዘው።

እናቴ ክንዶቹን አየች። ቀጥላ እጄን፣ ከጥፍሬ ሥር የቀረውን ጀሶ አየች። ተነሳች፣ ጣሳውን ተቀበለችኝ፣ ከፊቱ ቁጢጥ ብላ ራሷ አጠጣችው። በዚያ ለቅሶ ሦስቱንም ቀን እናቴ አጠገቧ አላስቀመጠችኝም።